ከታሸገ ምግብ ወደ ቤት ውስጥ ወደሚዘጋጅ ምግብ ለመዞር ከምኑ ልጀምር?

የሦስት ልጆች እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሰው የሚመገብበት ቤት ነው። በየቀኑ የምንበላውን ነጭ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት እርጎና የቆርቆሮ ቦሎቄ እቤት በሚዘጋጅ መተካት እፈልጋለሁ። ወተትና ማር በቅርብ ካለ ገበሬ አገኛለሁ። ሰፊ ጊዜ ያለኝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያልተጣራ ስንዴ ዳቦው ድንጋይ ይሆናል፣ እርጎው አልረጋ ይላል። ትንሹ ልጅ ገና 10 ወሩ ነው፤ ወተቱና ማሩ ይሆነዋል?

ሊጥ አሺ፦
እህቴ፣ ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትቀይሪ። በዳቦው ጀምሪ፤ በየቀኑ ስለሚበላ ለውጡ ቶሎ ይታያል።

የሚደነድነው ፉርሽካው ውሃ ስለሚጠጣ ነው። በነጭ ዱቄት ልክ ውሃ ከተጨመረ ሊጡ ይደርቃል። በዚህ ልክ ሞክሪ፦ 375 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 125 ግራም ያልተጣራ የስንዴ ዱቄት፣ 10 ግራም ጨው፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 325 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ። ቤተሰቡ ሲለምደው ግማሽ በግማሽ አድርጊውና ውሃውን ወደ 350 አሳድጊ። ሊጡ እጅ ላይ ቢጣበቅ አትደንግጪ፣ ዱቄትም አትጨምሪበት። ከለወስሽው በኋላ 30 ደቂቃ ሸፍነሽ ተይው፤ ፉርሽካው ውሃውን ሲጠጣ መጣበቁ ይቀንሳል። ከዚያ 10 ደቂቃ እሺው።

እጥፍ እስኪሆን ኩፍ ካለ በኋላ ቅርፅ አስይዘሽ እንደገና አሳርፊው። መድረሱን ሰዓት ሳይሆን ጣት ይነግርሻል። ዱቄት በነካ ጣት ጫን አድርጊው፦ ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ግማሽ ድረስ ከተመለሰ ደርሷል፣ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ምድጃ ውስጥም ይወድቃል። በ220 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጋግሪው። ትኩሱን አትቁረጪው፣ ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል። አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ። በሳምንቱ አንድ ቀን ሁለት ጋግረሽ አንዱን ቆራርጠሽ ፍሪዘር አስገቢ።

የወተት ባለሙያ፦
እርጎው የማይረጋው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፦ ወተቱ በደንብ አልሞቀም፣ ወይም እርሾው (ወተቱን ለማርጋት የሚጨመረው እርጎ) በጣም ትኩስ ወተት ላይ ገብቶ ሞቷል። 1 ሊትር ወተት እስከ 85 ዲግሪ ያሙቁና እዚያው ላይ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ይህ የወተቱን ፕሮቲን ስለሚቀይረው እርጎው ወፍራም ይሆናል። ወደ 43 ዲግሪ ሲወርድ ስኳር የሌለው፣ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የያዘ እርጎ 2 የሾርባ ማንኪያ በጥቂት ወተት በጥብጠው ይጨምሩ። ከ50 ዲግሪ በላይ ላይ ፈጽሞ እንዳይጨምሩ። ጠቅልለው ሙቅ ቦታ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያስቀምጡት፤ በዚህ ጊዜ እቃው አይነቅነቅ። እርሾ ማብዛት አያወፍረውም፣ እንዲያውም ያጎመዝዘዋል፤ አጓትም ይለያል።

ልጆቹ የለመዱትን ጣፋጭ እርጎ በአንዴ አይንጠቋቸው። ከአዲሱ ጋር እያደባለቁ በየሳምንቱ የጣፋጩን መጠን ይቀንሱ።

የምግብ ደህንነት፦
ስለ ሕፃኑ በግልጽ ልናገር። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም አይሰጥ፣ ዳቦ ውስጥ ተጋግሮም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም (ሰውነትን ሽባ የሚያደርግ ከባድ መመረዝ) ባክቴሪያ ዘር በቤት ምድጃ ሙቀት አይሞትም፤ የሕፃን አንጀት ደግሞ አይቋቋመውም። የላም ወተትም ከአንድ ዓመት በፊት የጡት ወተትን ወይም የሕፃናት ዱቄት ወተትን አይተካም። ስኳር የሌለው እርጎ ግን በጥቂቱ ይሆነዋል።

ከገበሬ የመጣ ጥሬ ወተት፣ ላሟን ብታውቋትም፣ ሳይፈላ ለማንም አይሰጥ።

ቀይ ቦሎቄ ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። በደንብ ካልበሰለ የሚያስመልስ መርዝ አለው። ማታ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፣ ውሃውን ድፊው፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ እየተንተከተከ ይፍላ፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሰሽ እስኪለሰልስ አብስዪው። በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን አትክተቺ፤ ሳይፈላ ሲቆይ መርዙ ሊብስ ይችላል።

የሦስት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቦሎቄው ሦስት ሰዓት ተቀቅሎም አልለሰልስ የሚለኝስ? የተረፈውን በጠርሙስ ማሸግስ ይቻላል?

የምግብ ደህንነት፦
ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ ከገባ አይለሰልስም፤ መጨረሻ ላይ ጨምሪው። ያለ እነሱም ካልበሰለ ቦሎቄው አርጅቷል፣ ወይም ውሃሽ ማዕድን የበዛበት ነው።

በጠርሙስ አይሆንም። ቦሎቄ አሲድ ስለሌለው በተራ ድስት የተፈላ ጠርሙስ ውስጥ ቦቱሊዝም ሊያድግ ይችላል። ዘይት ውስጥ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርትም ከፍሪጅ ውጪ እንደዚያው ነው። ቦሎቄውን ከነመረቁ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍለሽ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዘሽ ፍሪዘር አስገቢ። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ቀን አትለፊ።