ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ የእርግዝና ቃር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። እራት በልቼ ጋደም እንዳልኩ ከደረቴ እስከ ጉሮሮዬ የሚያቃጥል ቃር ይነሳብኛል፤ ቀይ ወጥ በኮምጣጣ እንጀራ የበላሁ ዕለት ደግሞ ተቀምጬ አነጋለሁ። ጎረቤቶቼ ሶዳ በውኃ በጥብጬ እንድጠጣ መክረውኛል። ጽንሱን የማይጎዳ መፍትሔ የምታውቁ እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ እህቴ፣ በሁለተኛ ልጄ ጊዜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ በአንድ ጊዜ ብዙ ስበላ ይብስብኝ ስለነበር፣ የንስሐ አባቴን አማክሬ በትንሽ በትንሹ አምስትና ስድስት ጊዜ መብላት ጀመርኩ። እራቴን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት አመጣሁት፤ በርበሬውን ትቼ አልጫ በላሁ፤ ቡናውንም ቀነስኩ፤ እውነቱን ለመናገር የከበደኝ ቡናው ነው። ትራስ መደራረብ ሆዴን እያጠፈ ስላስጨነቀኝ ባለቤቴ ከአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር ጡብ አስገባልኝ።

መልስ 2፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በእርግዝና ጊዜ የሚጨምረው ፕሮጀስትሮን የተባለው ሆርሞን በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ያላላል፤ እያደገ የሚሄደው ማህፀንም ጨጓራን ወደ ላይ ስለሚገፋ አሲዱ በቀላሉ ይመለሳል። ስለዚህ ከበሉ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሳይተኙ መቆየት፣ የአልጋውን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና በግራ ጎን መተኛት ይረዳል። ሶዳውን ግን ይተዉት፤ ሶዲየም ስለሚበዛበት ሰውነት ውኃ እንዲቋጥር ያደርጋል። ካልሲየም ካርቦኔት ያለበት የቃር መድኃኒት በአብዛኛው ለነፍሰ ጡር ይፈቀዳል፤ ሆኖም ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚከለክል ከአይረን ኪኒንዎ ጋር ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑረው፤ ከመጀመርዎ በፊትም የክትትል ባለሙያዎን ይጠይቁ። ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል ጠንከር ያለ ሕመም፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማዎት ቃር ነው ብለው አይጠብቁ፤ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂዱ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራስ ምታትም ሆነ ብዥታ የለብኝም። አይረኑን የምውጠው ከእራት ጋር ስለሆነ ሰዓቱን ስለመቀየር በሐሙስ ቀጠሮዬ እጠይቃለሁ። ጡቡን ግን ዛሬ ማታ አስገባለሁ።