የአሰልጣኞች የጋራ ፕሮፖዛል፦ መጀመሪያ ውሉ ይጻፍልን

የታዳጊዎች እግር ኳስ አሰልጣኝ (ጃንሜዳ)፦
ሰላም ኮቾች። አሰልጣኞች ሥራ እንዳይለቁ የምናቀርበውን የፕሮፖዛል ረቂቅ ማታ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚጀምረው ስለ ውጥረት አያያዝ በሚሰጥ ሥልጠና ነው። ሥልጠናውን አልጠላሁትም፣ ግን ሰው ከሥራው የሚለቀው በሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት 6 ዓመት አብሮኝ የሠራ ወንድማችን ኮኖቹንና የኳስ መያዣ መረቡን ቤቴ ድረስ አምጥቶ አስረከበኝ፣ ፊሽካውን ግን ከኪሱ አውጥቶ ትንሽ አየውና መልሶ ከተተው። ልጆቹ ሰልችተውት አይደለም። የ3 ወር ደሞዝ አልገባለትም፣ ውሉም የቃል ስለነበር ምን ይዞ ይጠይቅ? አሁን ታክሲ እየነዳ ነው። ልጆቹ ዛሬም «ኮች መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

ስለዚህ አንደኛው ጥያቄ የጽሑፍ ውል ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኮ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል። የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

የአትሌቲክስ አሰልጣኝ (መስቀል አደባባይ)፦
በውሉ እስማማለሁ። የእረፍት ቀን ግን እንዳትረሱብኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደረጃው ላይ ነኝ፣ ከሰዓት ክለብ፣ ቅዳሜና እሁድ ውድድር። ሕጉ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቆራረጠ እረፍት ይላል። እሁድ ለእኛ አይሆንም፣ ስለዚህ ሰኞ ተብሎ ቀኑ ይጻፍ። «እንደ ሁኔታው» ከተባለ በቃ፣ ቀረ ማለት ነው።

የመረብ ኳስ አሰልጣኝ (አራት ኪሎ)፦
ወንድሞቼ፣ የወሊድ ፈቃድም ይግባ። 120 ቀኑ አዋጁ ላይ አለ። እኔ ግን ወልጄ ስመለስ ቡድኔ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቀኝ፣ ያሳደግኳቸውን ልጆች ከዳር ቆሜ ነው ያየኋቸው። ከቀኑ ሌላ «ስትመለስ ቡድኗን ትረከባለች» የሚል ዓረፍተ ነገር እፈልጋለሁ።

የታዳጊዎች እግር ኳስ አሰልጣኝ (ጃንሜዳ)፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ እንዳለ አስገብቼዋለሁ። ሰኞም ገብቷል። አንድ የጨመርኩት አለ፦ የግል ድርጅት ውስጥ ያለን ሰዎች ለጡረታ 7 በመቶ ሲቆረጥብን የአሠሪው 11 በመቶም መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ይሰጠን። ሥልጠናው መጨረሻ ላይ ይቆይ። የጽሑፍ ውል ያላችሁ ስማችሁን ሸፍናችሁ ፎቶውን ላኩልኝ፣ ናሙናውን ከዚያ እንሥራ። ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ጃንሜዳ ነኝ፣ እዚያው ቁጭ ብለን እንጨርሰው።