«በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ብዬ ልፈርም?

ጠያቂዋ (ጅማ፣ ግንቦት 2012)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። 4 ዓመት ሞላኝ። ኮሮና ገባ ከተባለ ወዲህ እንግዳ ጠፋ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከሸኘ በኋላማ ስብሰባውም ቀረ። መጋቢት መጨረሻ ላይ «ለጊዜው ቤት ቆዩ፣ እንጠራችኋለን» አሉን። የሚያዝያ ደሞዝ አልገባም። ትናንት ጠሩኝ። ሥራ የተጀመረ መስሎኝ ነበር። «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ከፈረምኩ የአንድ ወር ደሞዝ፣ 1,800 ብር፣ በእጄ ይሰጡኛል። ኪራይ አለብኝ፣ እናቴም እኔን ነው የምታየው። ምን ትሉኛላችሁ?

አጂፕ ባጃጅ፦ እህቴ፣ የተገኘውን ተቀበዪ። እኛም በግማሽ ጫኑ ተብለን ነዳጅ እንኳ አልሸፍን ብሏል። ሕግ እራት አይሆንም።

የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ ምክርህ ያስከፍላታል። እህቴ፣ እንዳትፈርሚ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው 5 ዓመት ከሠራ ነው። አንቺ 4 ነሽ፤ ፈረምሽ ማለት ዜሮ። አሠሪው ሠራተኛ ቀንሶ ከሆነ ግን ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ አለሽ። 1,800 ሲደመር 3 ጊዜ 600፣ 3,600 ብር። በቅነሳ ምክንያት ሌላ የ60 ቀን ደሞዝ ይጨመራል። 7,200 ገባ። የ2 ወር ማስጠንቀቂያውን ገና አልቆጠርኩም። ደግሞ በሚያዝያ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው አሠራር ውጪ ሠራተኛ መቀነስ ከልክሏል። ለዚህ ነው ወረቀቱን በአንቺ ስም ያዘጋጁት።

የሄርማታ ካፌ ባለቤት፦ እኛ አሠሪዎችም ተጨንቀናል፤ ሁላችንም ክፉዎች አይደለንም። ለክፉ ቀን ግን ሕጉ መንገድ አለው። ከአቅም በላይ ችግር ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን ሥራ ካስቆመ፣ አሠሪው በ3 ቀን ውስጥ ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቃል። ከተፈቀደለት ውሉ እስከ 90 ቀን ይታገዳል። ደሞዝ አይከፈልም፣ ሥራው ግን አይጠፋም። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። የእናንተዎቹ አሳውቀው እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱ ሄደሽ ጠይቂ። ካላሳወቁ የሚያዝያን ደሞዝ መጠየቅ ትችያለሽ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የጽሑፍ ውል የለኝም። በቃል ነው የገባሁት።

የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ፦ የቃል ውልም ውል ነው። ጡረታ ይቆረጥብሽ ነበር? የደሞዝ ወረቀት፣ መታወቂያ ባጅ፣ ስለ ፈረቃ የተላከልሽ መልእክት፣ ሁሉንም ሰብስቢ። አብረውሽ የሠሩ ልጆችም ይመሰክራሉ። እንዳትዘገዪ ብቻ። የደሞዝ ጥያቄ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ ማለት በ3 ወር ይቃጠላል።

አጂፕ ባጃጅ፦ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ እህቴ። ፍርድ ቤት ግን ገንዘብ አይጠይቅም እንዴ?

የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ፦ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም።

ጠያቂዋ፦ አልፈረምኩም። ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ሁለቱ ጓደኞቼ ግን ትናንት ፈርመዋል። ለእነሱስ የሚሆን ነገር አለ?