ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ነው እንዲህ ያረጋት?

የደብረ ብርሃኗ፦ ሰላም ናችሁ፣ እማዬን ሰኞ ለዓይን ምርመራ ወስጃት ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመሩላት፣ ማታ ደህና ነበረች ማክሰኞ ግን የዓይኗ ቆብ አብጦ ጠብታው በወረደበት በኩል ጉንጯ ድረስ ቀልቶ ያሳክካታል፣ እሷ ብርዱ ነው ብላ ቅቤ ልትቀባው ነው ምን ይሻላል?

መንዜው፦ ኧረ ቅቤውን ተዪው በናትሽ! እኔም ሆኖብኛል፣ ጠብታው ውስጥ ያለው ፌኒሌፍሪን የሚባለው መድኃኒት አለርጂ ነው አሉኝ። ወዲያው ሳይሆን አድሮ ስለሚወጣ ሰው ከጠብታው ጋር አያገናኘውም።

ነርሷ፦ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድም ሊሆን ይችላል። የጠብታውን ስም አስጽፊ፣ በሌላ ጊዜ ይቀይሩላታል። ለጊዜው ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጊላት፣ የስቴሮይድ ቅባት ግን ዝም ብለሽ እንዳትገዢ። ከንፈሯ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይ ዓይኗን ጠንከር አርጎ ካመማት አሁኑኑ ውሰጃት።

የደብረ ብርሃኗ፦ እሺ እናመሰግናለን፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው አይነበብም እንጂ 😅 ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ