እማዬ የቁርጥማት ክኒኗን ካቆመች ወዲህ ከአልጋ መነሳት አቃታት፤ ምን ይሻላል?

የደሴዋ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ሁለት ዓመት ገደማ ከሰፈር ፋርማሲ አንዲት ትንሽ ክኒን እየገዛች ጠዋትና ማታ ትውጥ ነበር። ሐኪም አላዘዘላትም፤ ጎረቤት ናት «ፍቱን ናት» ብላ ያሳየቻት። እውነትም ህመሙ ጠፋ። ፊቷም ሞላ፣ ክብ አለ። ሰው ሁሉ «ተስማማሽ፣ አማረብሽ» ይላታል። እኛም ደስ ብሎን ነበር እንግዲህ። በቅርቡ ስኳሯ ጨምሯል ሲባል አንድ ዘመድ «ክኒኑ ነው፣ ጣዪው» አላት። በአንድ ቀን አቆመች። ይኸው ሦስት ሳምንቷ። ስትቆም ያዞራታል፣ ምግብ አስጠላት፣ ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳታል። ክሊኒክ ወሰድናት፤ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረች። ለውጥ የለም። ዛሬ ግፊቷ 85/50 ነው። ማሸጊያው ላይ ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራም ይላል።

ነርሷ
እህቴ፣ ነገ አትበይ። አሁኑኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ማሸጊያውንም ያዢ። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ነው። በር ላይ «ሁለት ዓመት ስቴሮይድ ወስዳ በድንገት አቆመች» በይ። ይህን ካላልሽ እንደገና ለታይፎይድና ለጨጓራ ሊታከሙ ይችላሉ። ኮርቲሶል ለሚባል ሆርሞን ምርመራ ደም ይወሰዳል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ግን አይጠበቅም። እሱን የሚተካው ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጣል፣ የጨው ውሃም ይንጠለጠላል። ስኳራቸውንም ያዩላቸዋል፤ አሁን ደግሞ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ያገሬ ልጅ
እኔ ያንን መድኃኒት እንዳትመልሱባት ነው የምለው። መርዝ ነው። ማርና ዝንጅብል እያጠጣችሁ ሰውነቷ ራሱ ይታገል።

ፋርማሲው
ወንድሜ፣ በቅንነት እንደተናገርክ ይገባኛል፤ ግን ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ነገሩ እንዲህ ነው። አድሬናል የሚባሉ ሁለት ዕጢዎች በኩላሊቶቻችን አናት ላይ እንደ ቆብ ተደፍተዋል። ኮርቲሶል የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ግፊታችንንና ስኳራችንን የሚደግፈው፣ ሲያመን የሚያቆመን እሱ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን የሚያመርተው ከ5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር ይቀራረባል። እናቷ 10 ሲወስዱ ከርመዋል። ከውጭ እንዲህ ሲትረፈረፍ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ማዘዟን ትተዋለች፣ አድሬናሎቹም ይተኛሉ። በድንገት ሲቆም ከእንቅልፋቸው የሚነሱበት ጊዜ አያገኙም። ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈልጋሉ።
ያ ክብ ፊትም ውፍረት አልነበረም፤ የስቴሮይድ ብዛት ምልክት ነው። አጥንት ይበላል፣ ስኳርና ግፊት ይጨምራል። እኛ መደርደሪያ ጀርባ የቆምነውም ያለማዘዣ እየሸጥን ጥፋተኞች ነን፤ ልሸሽገው አልችልም።

ሜሪላንድ ነኝ
እኔ ራሴ አዲሰን የሚባለው የአድሬናል በሽታ አለብኝ። የኔ ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ዕጢዎቹ ራሳቸው ናቸው የተጎዱት። ቆዳዬ ጠቆረ፣ የመዳፌ መስመሮችና ድዴ ሳይቀሩ። ዘመዶቼ «ፀሐይ መታሽ» ይሉኝ ነበር። ጨው በእጄ እየዘገንኩ እልስ ነበር፣ አታምኑኝም። ቶማስ አዲሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1855 እ.ኤ.አ. ሲገልጸው ዋናው መንስኤ ቲቢ ነበር። ቲቢ ባለበት አገር ዛሬም መጠርጠር አለበት። እናትሽ ጠቁረዋል?

የደሴዋ
አልጠቆረችም። እየሄድን ነው፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ።

ነርሷ
አለመጥቆራቸው ከመድኃኒቱ ታሪክ ጋር ይስማማል፤ ቆዳ የሚጠቁረው ዕጢዎቹ ራሳቸው ሲጎዱ ነው።

የደሴዋ (ከአራት ቀን በኋላ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የኮርቲሶሏ ውጤት 2.1 ሆነ፤ ከ3 በታች በጣም ዝቅተኛ ነው አሉን። መርፌውና ግሉኮሱ በተሰጣት ማግስት ተነስታ ተቀመጠች። ሽሮ አምጡልኝ አለች! አሁን ጠዋት ጠዋት ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራም ትወስዳለች፤ ሐኪሙ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀንስላታል። ግራ የገባኝ፣ ጉንፋን ቢይዛትስ? ጾሙስ?

ፋርማሲው
ትኩሳት ካላቸው እስኪሻላቸው ድረስ መጠኑ እጥፍ ይደረጋል። በስንት እንደሚጨመር ሐኪማቸው አሁኑኑ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ካስመለሳቸው ክኒን አይጠቅምም፤ መርፌ ነው፣ ያውም በዚያው ቀን። ጥርስ ሲነቀሉም ሆነ ኦፕራሲዮን ሲኖር ቀድማችሁ ተናገሩ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ከታዘዘላቸውም አሳውቁ፤ ስቴሮይዱን ቶሎ ያሟጥጠዋል። ጾምን በተመለከተ የጠዋቷ ክኒን አትዘለልም፣ ባዶ ሆድም አይመከርም።

ነርሷ
ለንስሐ አባታቸው ንገሯቸው፤ ሕመምተኛ ጹም የሚል አባት አላየሁም። ክኒኗ ልታልቅ አንድ ሳምንት ሲቀራት ግዙ፣ እንዳትቋረጥ።

የደሴዋ
ቦርሳዋ ውስጥ ወረቀት ላስቀምጥላት ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?

ሜሪላንድ ነኝ
የኔን ወደ አማርኛ መልሼልሻለሁ፤ በላስቲክ አስለብጪው። «የአድሬናል ዕጢዬ በቂ ኮርቲሶል አያመነጭም። ካስመለሰኝ ወይም ራሴን ከሳትኩ ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊ ግራም በመርፌ ስጡኝ። አትዘግዩ።» ከታች ያንቺን ስልክ ጻፊበት።