ለእናቴ በቪዲዮ ስለሚሰጠው የሙዚቃ ሕክምና ምክራችሁን እሻለሁ
አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብራኝ የምትኖረው የ78 ዓመት እናቴ የመርሳት በሽታ ካደረባት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ስሜን ብትዘነጋም፣ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራን የቆየ ዜማ ስትሰማ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ እየመታች ግጥሙን ሳታዛንፍ ትከተላለች።

በየሳምንቱ በቪዲዮ የምታገኛት የሙዚቃ ቴራፒስት ቅን ባለሙያ ብትሆንም አማርኛ አትችልም፤ ድምፅም እየዘገየ ስለሚደርስ አብረው መዝፈን አልቻሉም። የቪዲዮ መተግበሪያው ክራሩን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነው ነበር፤ የጫጫታ መቀነሻውን ካጠፋሁ ወዲህ ግን ጠርቶ ይሰማል።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው፤ አንዳንድ የትዝታ ዘፈን በቀይ ሽብር ያጣችውን ወንድሟን እያስታወሳት ታለቅሳለች። ዘፈኑን ወዲያው ላቋርጥ፣ ወይስ እጇን ይዤ እስኪያልቅ ልጠብቅ? አማርኛ የሚችል ቴራፒስት የምታውቁ ወይም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያስታመማችሁ ወገኖች እባካችሁ ምከሩኝ።