አስቸኳይ፦ የእንግሊዝ ሕግ አንቀጹ የት ነው ያለው?

የበርሚንግሃሟ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ። አሳይመንቱ ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። ጥያቄው ይኼ ነው። የ250 ፓውንድ ጫማ በስህተት 25 ተለጥፎበት የሱቅ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ሴትየዋ ገብታ 25 ቆጥራ ሰጠች፣ ሻጩ አልሸጥም አለ። ውል አለ? ከከሰሰችስ የትኛው ፍርድ ቤት ነው የምትሄደው? አገር ቤት ቢዝነስ ሎው ስማር ይኼ አንቀጽ 1687 ነበር። የእንግሊዙን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፒዲኤፍ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። አንቀጹን ብቻ ንገሩኝ።

ሳቂታው፦ 12 ሰዓት በፈረንጅ ነው በሐበሻ? በሐበሻ ከሆነ አልፎሻል፣ ተኚ።

ጋሽ ዳኛ፦ ልጄ፣ ከሥሩ እንያዘው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ያዙ። ከዚያ በኋላ የንጉሡ ዳኞች አገሩን እየዞሩ መፍረድ ጀመሩ። የየአካባቢው ልማድ ቀስ በቀስ አንድ ሆነ። «ኮመን ሎው» የተባለውም ለአገሩ ሁሉ የጋራ ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ወደ ሄንሪ 2ኛ ስንመጣ...

ሳቂታው፦ ጋሼ፣ ልጅቷ የቀራት አራት ሰዓት ነው። እኛ ገና 12ኛው ክፍለ ዘመን አልደረስንም።

የሊድሱ፦ ፊሸር ቪ ቤል፣ 1961። እሱን ጻፊ።

የበርሚንግሃሟ፦ እሱ የሰው ስም ነው። እኔ የጠየቅኩት አንቀጽ!

የማታ ፈረቃ፦ እህቴ፣ የምትፈልጊው ፒዲኤፍ የለም። የእኛን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቆት በእኛ አቆጣጠር በ1952 በአንድ መጽሐፍ ወጣልን። የእንግሊዝ የውል ሕግ በአብዛኛው ዳኞች በፈረዷቸው መዝገቦች ውስጥ ነው ያለው። የአንቀጽ ቁጥር በምትጽፊበት ቦታ የጉዳዩን ስም ትጽፊያለሽ። የሊድሱ ያለሽ ፊሸር ቪ ቤልም እንዲህ ያለ ጉዳይ ነው፣ ፊሸር በቤል ላይ ማለት ነው። አንድ የብሪስቶል ባለሱቅ ስፕሪንግ ያለው ቢላ ከነዋጋው መስኮት ላይ አደረገ። ያንን ቢላ ለሽያጭ ማቅረብ በ1959 አዋጅ ክልክል ነበር፣ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ዕቃ መስኮት ላይ ማድረግ ገዢን መጋበዝ እንጂ ለሽያጭ ማቅረብ አይደለም አለ። ሰውየው ነፃ ወጣ። ስለዚህ በአንቺ ጥያቄ ኦፈር፣ ማለትም የእንዋዋል ጥያቄ፣ ያቀረበችው 25 የቆጠረችው ሴትዮ ናት። ሻጩ አልቀበልም ካለ ውል የለም።

ስሜ አይጠቀስ፦ የተጻፈ ሕግ የሌለ አታስመስልባት። የ2015 የሸማቾች መብት አዋጅ አለ አይደል? ደግሞ ፓርላማ ያወጣው አዋጅ ከዳኛ ፍርድ ይበልጣል። የቢላውን ቀዳዳ ራሱ ፓርላማው በ1961 ደፍኖታል።

የማታ ፈረቃ፦ «በአብዛኛው» ነው ያልኩት። አንብብ።

የሊድሱ፦ ፊሸር ቪ ቤል ብያለሁ።

ስሜ አይጠቀስ፦ እሱ የወንጀል ጉዳይ ነው። የ1953ቱን የቡትስ ጉዳይም ጨምሪ። ራስሽ ዕቃ አንስተሽ ካሸር ጋ የምትሄጂበት ሱቅ ነው። ኦፈሩ ካሸሩ ጋ ሲደረስ የገዢው ነው ተባለ። የፈረደው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስለሆነ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይገደዱበታል። እኛ አገር ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው ትርጉም የበታቾቹን እንደሚያስገድድ ማለት ነው።

ግላስጎ፦ «እንግሊዝና ዌልስ» ብለሽ ጻፊ። ስኮትላንድ የራሷ ሕግና ፍርድ ቤት አላት። ሁሌ ትረሱናላችሁ።

የበርሚንግሃሟ፦ እሺ፣ «ሱቁ ጊልቲ ስላልሆነ አይቀጣም» ብዬ ልዝጋው? ፍርድ ቤቱንስ ማን ነገረኝ?

የማታ ፈረቃ፦ ኧረ በማርያም፣ ጊልቲን አጥፊ! እሱ የወንጀል ነው። እዚህ የሚባለው «ላየብል አይደለም»፣ ማለትም ኃላፊነት የለበትም፣ ነው። እኔን በዚህች ቃል ብቻ ነጥብ ቀንሰውኛል። ፍርድ ቤቱ ካውንቲ ኮርት ነው። እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ የገንዘብ ክርክር በአብዛኛው ስሞል ክሌምስ በሚባለው መስመር ይታያል፣ ያለ ጠበቃም ይኬዳል።

ጋሽ ዳኛ፦ ሄንሪ 2ኛን ልጨርስላችሁ እንዴ?

የበርሚንግሃሟ፦ 11:40 ሆነ! ማጣቀሻው በኦስኮላ ይሁን ይላል። ኦስኮላ ደግሞ ምንድን ነው?

ስሜ አይጠቀስ፦ የሕግ ማጣቀሻ አጻጻፍ ነው። የጉዳዩን ስም በዘመም ፊደል አድርጊ፣ ከ«ቪ» በኋላ ነጥብ የለም።

የሊድሱ፦ ፊሸር ቪ ቤል፣ በዘመም።

ሳቂታው፦ 12:10። ገባልሽ?

ግላስጎ፦ ኧረ አንቺ ልጅ?